በርን የተደረገ ዲቪዲ በደንበኛው ዴክ ላይ ሳይቆም እንዲጫወት እንዴት ይረጋገጣል?

ጥያቄዎን ሌሎች አንባቢዎችም እንዲከታተሉት በአጭሩ ልድገመው። የሰርግ ቪዲዮ ይሠራሉ፤ ያቀናበሩትን ሥራ ለደንበኞችዎ በዲቪዲ ያስረክባሉ። ፕሮግራሙ ጽፎ ሲጨርስ «በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል» ይልዎታል፤ በላፕቶፕዎ ሲከፍቱትም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይጫወታል። ሆኖም ካስረከቧቸው ቅጂዎች አንዳንዶቹ በደንበኞቹ ዴክ ላይ መሃል ላይ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ ሌሎቹ መጨረሻው አካባቢ ምስሉ እየተሰባበረ ይዘላሉ፣ አሜሪካ ላለችው የሙሽራዋ እህት የተላከው ደግሞ ጨርሶ አልከፈተም። ከማስረከብዎ በፊት ዲስኩ አስተማማኝ መሆኑን በምን እንደሚያረጋግጡ፣ አስቀድመው የሰጧቸውን ቅጂዎችስ ምን ማድረግ እንዳለብዎ ጠይቀዋል።

ሦስቱ አቤቱታዎች የአንድ በሽታ ምልክቶች አይደሉም። የአሜሪካው ከዲስኩ ጥራት ጋር ምንም ግንኙነት ላይኖረው ይችላል፤ እሱን ወደ መጨረሻ እመለስበታለሁ። የሌሎቹ ሁለቱ መነሻ ግን «ተጠናቋል» የሚለው መልእክት ከሚናገረው በላይ መታመኑ ነው። ይህ መልእክት የሚያረጋግጥልዎ ራይተሩ (ዲስኩ ላይ የሚጽፈው መሣሪያ) መረጃውን በሙሉ ወደ ዲስኩ መላኩንና ዲስኩን መዝጋቱን ብቻ ነው፤ የጻፈውን መልሶ አላነበበም። መልሶ እንዲያነብና ከዋናው ፋይል ጋር እንዲያመሳክር ካዘዙት አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደዋል፤ ይሁን እንጂ ያን ጊዜም ቢሆን የሚያውቁት ይህ ራይተር ይህን ዲስክ ዛሬ ማንበብ መቻሉን ነው። የደንበኛዎ ዴክ ግን ሌላ መሣሪያ ነው፤ የሚያነብበውም ከወራት በኋላ ነው።

ስህተት የሌለበት ዲቪዲ የለም፤ በፋብሪካ የታተመውም ቢሆን አለበት። ዲቪዲ መረጃን የሚያስቀምጠው 32 ኪሎባይት በሚይዙ ጥቅሎች ከፋፍሎ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ጥቅል ከመጠገኛ ተጨማሪ መረጃው ጋር እያንዳንዳቸው 182 ባይት በሆኑ 208 ረድፎች ይደረደራል። በአንድ ረድፍ ውስጥ እስከ 5 ባይት ቢበላሽ ረድፉ ራሱን ይጠግናል። ከዚያ በላይ የተበላሸው ረድፍ ደግሞ በዓምድ በኩል ባለው ሁለተኛ ጥገና ይታረማል። ሁለቱም ካልቻሉ ብቻ ነው ምስሉ የሚሰበረው ወይም የሚቆመው። ጥገናው የሚካሄደው ተመልካቹ ሳያይ በመሆኑ፣ ጥቂት ስህተት ያለበት ዲስክና የመጠገን አቅሙ አፋፍ ላይ የደረሰ ዲስክ ዛሬ በቴሌቪዥን ላይ የሚያሳዩት ምስል አንድ ዓይነት ነው። ፈተናውን በ95 ያለፈውና በ50 ያለፈው ተማሪ ካርድ ላይ ሁለቱም «አልፏል» ተብሎ እንደሚጻፍላቸው ማለት ነው። እርስዎ ማወቅ የሚፈልጉት ግን ነጥቡን ነው፤ ምክንያቱም በ50 ያለፈው ዲስክ አንድ የጣት አሻራ፣ አንድ ቀጭን ጭረት ወይም አንድ የደከመ ዴክ ሲጨመርበት ይወድቃል።

ኮምፒውተር ደግሞ ለዚህ ዓይነቱ ዲስክ ከዴክ ይልቅ ቸር ነው። ማንበብ ያቃተውን ቦታ ፍጥነቱን ቀንሶ ደጋግሞ ይሞክረዋል፤ ሰፊ ማህደረ ትውስታ ስላለውም መዘግየቱ አይታወቅም። የቤት ዴክ የሚያነብበው በመደበኛው ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ 1.385 ሜጋባይት ገደማ ሲሆን፣ ወደፊት አንብቦ የሚያስቀምጠው መረጃ ጥቂት ነው፤ ያቺ ካለቀች ምስሉ ይቆማል። በላዩ ላይ ዓመታት ያስቆጠረ፣ ሌንሱ አቧራ የጠጣ፣ ሌዘሩ የደከመ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «በኮምፒውተሬ ይሠራል» የሚለው ማስረጃ ለደንበኛ የሚቀርብ አይደለም።

ማንኛውንም መሣሪያ ከመክፈትዎ በፊት አንድ ነገር ያጣሩ፦ የሚቆመው በስንተኛው ደቂቃ ላይ ነው? ደንበኛው «መሃል ላይ» ብሎ ሲነግርዎ አይርኩ፤ የዴኩን ቆጣሪ አንብቦ ሰዓቱን እንዲነግርዎ ያድርጉ። የአንድ ሥራ ሁለትና ሦስት ቅጂዎች በተለያዩ ቤቶች በተመሳሳይ ደቂቃ ላይ የሚቆሙ ከሆነ ጥፋቱ ያለው ዲስኩ ላይ ሳይሆን ከመጻፉ በፊት በተዘጋጀው ቪዲዮ ውስጥ ነው፤ ባዶ ዲስክ ቢቀያይሩ ለውጥ አያገኙም። ቅጂዎቹ እያንዳንዳቸው በተለያየ ቦታ ላይ የሚቆሙ ከሆነ ባዶ ዲስኩን ወይም አጻጻፉን ይጠርጥሩ። አንዱ ዲስክ በአንድ ቤት ቆሞ በሌላ ቤት ሳይነቃነቅ ካለፈ ያ ዲስክ ከላይ ያልኩት በ50 ያለፈው ነው፤ ደንበኛው ዴኩን ይቀይር ብሎ መመለስ ያስቀይማል እንጂ አይፈታውም። የሌላ ሰው ዲስክም ጭምር እዚያው ቤት የሚቆም ከሆነ ግን በእርግጥም ዴኩ ነው።

በተመሳሳይ ደቂቃ የሚቆመውን ልዘርዝረው፤ በሰርግ ሥራ ላይ በብዛት የሚያጋጥመው እሱ ነው። ሙሽሮቹ ወደ አዳራሹ ሲገቡ ብልጭ ድርግም የሚሉት መብራቶች፣ ከወለሉ የሚነሣው ጭስና ከላይ የሚበተነው ብልጭልጭ ወረቀት በአንድ ላይ ይመጣሉ። የዲቪዲ አመቃ ሥራውን የሚያቀልለው አንዱ ፍሬም ከቀደመው ጋር በሚመሳሰለው ነገር ላይ ተደግፎ ነው፤ እዚህ ቦታ ላይ ግን እያንዳንዱ ፍሬም ከቀደመው ፈጽሞ የተለየ ስለሚሆን ቢትሬቱ (በየሰከንዱ የሚያስፈልገው የመረጃ መጠን) ድንገት ወደ ጣሪያው ይወጣል። የዲቪዲ ቪዲዮ ደንብ ለምስል ብቻ እስከ 9.8፣ ለምስልና ለድምፅ በአንድነት እስከ 10.08 ሜጋቢት በሰከንድ ይፈቅዳል፤ ዴኩ በመደበኛ ፍጥነቱ ከዲስኩ የሚያነብበው ደግሞ 11.08 ሜጋቢት ብቻ ነው። ትርፉ ይህን ያህል ጠባብ ሲሆን፣ በርን በተደረገ ዲስክ ላይ አንድ ቦታ ለማንበብ ትንሽ ከተንገራገረ የሚካካስበት ጊዜ የለም። እኔ ከፍተኛውን ቢትሬት ከ8 ሜጋቢት በላይ እንዲወጣ አልፈቅድም። ድምፁንም ሳይታመቅ ካስገቡት ብቻውን 1.5 ሜጋቢት ይወስዳል፤ ዶልቢ ዲጂታል በሚባለው የድምፅ ማመቂያ 192 ወይም 256 ኪሎቢት ቢያደርጉት ለሰርግ ሙዚቃ ከበቂ በላይ ነው።

ርዝመቱንም አብረው ያስቡ። ባለ አንድ ሽፋን ዲስክ 4.7 ቢሊዮን ባይት ይይዛል፤ ኮምፒውተሩ ይህንኑ 4.38 ጊጋባይት ብሎ ያሳያል። የሁለት ሰዓት ሥራ በአማካይ 5 ሜጋቢት ገደማ ይደርሰዋል፤ ይህም ለዓይን ደኅና ነው። ሦስት ሰዓት ተኩልና አራት ሰዓት በአንድ ዲስክ ላይ ማጨቅ ግን ምስሉንም ያደበዝዛል፣ ዲስኩንም እስከ ውጨኛው ጠርዝ ይሞላዋል። ሰርጉን በአንድ፣ መልሱንና ቅልቅሉን በሌላ ዲስክ ማድረጉ ለሁሉም ይበጃል። የምመክረው ከ4.2 ጊጋባይት እንዳያልፉ ነው። ዲቪዲ የሚጻፈው ከመሃል ወደ ውጭ ነው፤ ጠርዙ ደግሞ መረጃው የሚጻፍበት የቀለም ሽፋን እኩል የማይሆንበት፣ ዲስኩ ሲሽከረከር ይበልጥ የሚወዛወዝበት፣ ራይተሩም በከፍተኛ ፍጥነቱ የሚጽፍበት፣ ጣት የሚያርፍበትም ቦታ ነው። «መጨረሻው አካባቢ ይሰባበራል» ያሉዎት ደንበኞች ያዩት ይህንን ሳይሆን አይቀርም። ባለ ሁለት ሽፋኑን 8.5 ጊጋባይት ዲስክ ለደንበኛ ባይጠቀሙበት ይሻላል፤ ዋጋው ውድ ነው፣ የሚመልሰው ብርሃን አነስተኛ ነው፣ ሌዘሩ ከአንዱ ሽፋን ወደ ሌላው በሚያልፍበት ቅጽበትም ብዙ ዴኮች ይደናቀፋሉ።

የተዘጋጀውን ሥራ ወደ ዲስክ ከመውሰድዎ በፊት ቪኤልሲ በተባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም ከፍተው ማየትዎ መልካም ነው፤ ግን ቪኤልሲ ደንብ ያልጠበቀውንም ሁሉ የሚያጫውት ስለሆነ ፈተና አይባልም። የተሻለው ዘዴ አንድ ተደጋግሞ የሚጻፍበት ዲስክ ለሙከራ ብቻ ማስቀመጥ ነው። ሥራውን መጀመሪያ በእሱ ላይ ጽፈው በዴክ ላይ ያጫውቱት፤ ሜኑው፣ የቻፕተሮቹ ቅደም ተከተል፣ ድምፁና ያ ብልጭልጩ የበዛበት ቦታ ሁሉ ያለ ብክነት ይታያሉ። እንዲህ ያለው ዲስክ ከተራው ዲስክ በጣም ያነሰ ብርሃን ስለሚመልስ ዴኩ እሱን ሳይቸገር ካነበበ ሌላውን ማንበቡ አያሳስብም። ለደንበኛ ግን በዚሁ ምክንያት አይሰጥም። ኤምፒ4 ፋይልን እንዳለ ዲስክ ላይ ጥሎ መስጠትም ዲቪዲ መስጠት አይደለም፤ ዴኩ የሚፈልገው በቪዲዮ ቲኤስ ፎልደር ውስጥ በሥርዓቱ የተቀመጡትን ፋይሎች ነው። በዚያ ፎልደር ውስጥ ዴኩን የሚመሩት የአይኤፍኦ ፋይሎች የቢዩፒ ምትክ አላቸው፤ ሁለቱ በዲስኩ ላይ በአንድ 32 ኪሎባይት ጥቅል ውስጥ ከወደቁ ግን አንድ ጭረት ሁለቱንም ያጠፋል። ኢምግበርን የተባለው የዲስክ መጻፊያ ፕሮግራም ይህን አይቶ ያስጠነቅቃል። ማስጠንቀቂያውን ዘግተው አይለፉ።

ወደ ባዶ ዲስኩ እንምጣ። ከገበያ በሃምሳ ሃምሳ ተደርድሮ የሚሸጠው ዲስክ ፊቱ ላይ ያለው ስም ስለ አምራቹ የሚነግርዎ ነገር ጥቂት ነው። ትክክለኛው መታወቂያ በዲስኩ ውስጥ የተቀረጸው የአምራች ኮድ ሲሆን፣ ኢምግበርን ላይ ባዶ ዲስክ ሲያስገቡ በስተቀኝ በኩል ያሳይዎታል። አንድ ዓይነት ካርቶን ለብሰው በተለያየ ጊዜ የገዟቸው ዲስኮች የተለያየ ኮድ ሊያሳዩ ይችላሉ፤ ስለዚህ በየግዥው ኮዱን መዝግቦ መያዝ ይገባል። ኮዱም ቢሆን ተመሳስሎ ሊሠራ ስለሚችል የመጨረሻው ዳኛ ከታች የምገልጸው ፍተሻ ነው። ከሁለቱ የባዶ ዲስክ ዓይነቶች፣ ከማይነስ አርና ከፕላስ አር፣ የትኛው ይሻላል ብለው ለሚጠይቁ፣ ለቆዩ ዴኮች ማይነስ አር ይቀርባል፤ ፕላስ አር ከተጠቀሙ ደግሞ ራይተሩ የሚፈቅድ ከሆነ የዲስኩን ዓይነት መለያ «ዲቪዲ ሮም» ብለው ያስቀይሩት፣ ያን ጊዜ ዴኩ በፋብሪካ የታተመ መስሎት ይቀበለዋል።

የአጻጻፍ ፍጥነትን በተመለከተ «በዘገየ መጠን ይሻላል» የሚባለው በሁሉም ዲስክ ላይ እውነት አይደለም። የዛሬዎቹ ባለ 16 እጥፍ (በመደበኛው ፍጥነት 16 እጥፍ የሚጻፍባቸው) ዲስኮች ቀለማቸው የተቀመመው ለፈጣን ጽሕፈት ነው፤ ራይተሩም ለእያንዳንዱ የአምራች ኮድ የሌዘሩን ኃይል የሚወስንበት የራሱ ሠንጠረዥ አለው። በጣም ዝቅ ባለ ፍጥነት ሲያስገድዱት ከሠንጠረዡ ይወጣል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያዋጣው 8 እጥፍ ነው፤ አንድ ሙሉ ዲስክ በ8 ደቂቃ ገደማ ያልቃል፣ እስከ ጠርዙም የተረጋጋ ጽሕፈት ይሰጣል። ምንጩ በኮምፒውተሩ ሃርድ ዲስክ ላይ ይሁን፣ ከፍላሽ ወይም ከኔትወርክ አይጻፉ፤ ጽሕፈቱ እየተካሄደ ሌላ ሥራ አቀናብሮ ማውጣትም ይቅር። ዲስኩ በአንድ ጊዜ ተጽፎ መዘጋቱንም ያረጋግጡ፤ ያልተዘጋ ዲስክ በብዙ ዴኮች ላይ ባዶ ነው።

አሁን ወደ ፍተሻው። የመጀመሪያው ደረጃ መልሶ ማመሳከር ነው። ኢምግበርን ላይ የማመሳከሪያውን ምልክት ያብሩት፤ ዲስኩን አውጥቶ መልሶ ካስገባ በኋላ እያንዳንዱን ሴክተር (የዲስኩን ትንሽ ክፍል) ከዋናው ምስል ፋይል፣ ማለትም የዲስኩ ይዘት በሙሉ ከተቀመጠበት ፋይል፣ ጋር ያነጻጽረዋል። ይህ በየዲስኩ መደረግ ያለበት እንጂ ጊዜ ሲገኝ የሚደረግ አይደለም። ከተቻለ ማመሳከሩን ከጻፈው በተለየ ድራይቭ ያድርጉት፤ አንድ ራይተር የራሱን ጽሕፈት ከሌሎች በተሻለ ማንበቡ የተለመደ ነው፣ ሌንሱ ትንሽ ተዛብቶ ከሆነ ያዛባውን ራሱ በተዛባ ዓይን ስለሚያይ ስህተቱን አይነግርዎትም።

ሁለተኛው የንባብ ፍጥነት ግራፍ ነው። ኔሮ ዲስክስፒድ ወይም መሰል ፕሮግራም ዲስኩን ከመሃል እስከ ጠርዝ እያነበበ ፍጥነቱን በመስመር ይሥላል። በ16 እጥፍ ድራይቭ ላይ ጤነኛ ዲስክ ከ7 እጥፍ ገደማ ተነሥቶ ያለ እረፍት እየወጣ ጠርዙ ላይ 16 ይደርሳል። መስመሩ ድንገት ወደ ታች ከተሰበረ ድራይቩ እዚያ ቦታ ተቸግሮ ፍጥነቱን ቀንሷል ማለት ነው። ማመሳከሪያው «ትክክል ነው» ብሎ ያሳለፈው ዲስክ እዚህ ላይ ስብራቱን ሊያሳይ ይችላል፤ ማመሳከሪያው የሚያየው መረጃው በመጨረሻ መገኘቱን እንጂ እንዴት እንደተገኘ አይደለም። ይህ ፍተሻ በማንኛውም ድራይቭ ስለሚሠራ ሌላ መሣሪያ ለሌለው ሰው ዋነኛ መመኪያው ነው።

ሦስተኛው የስህተት ቆጠራ ነው፤ የፈተናውን ነጥብ የሚያሳየው እሱ ነው። ለዚህ የሚሆነው ሁሉም ድራይቭ አይደለም፤ ብዙዎቹ የላፕቶፕ ድራይቮች የቆጠሩትን ለፕሮግራሙ አይናገሩም። የላይትኦን፣ የቤንኪውና የፕሌክስተር የዴስክቶፕ ራይተሮች ግን በዚህ የታወቁ ናቸው፤ ከአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ነቅለው በርካሽ ከሚሸጡት መካከል አንዱን ካገኙ አያሳልፉት። ፕሮግራሙ ሁለት ዋና ቁጥሮች ያወጣል። ፒአይ የሚባለው በተከታታይ 8 ጥቅሎች ውስጥ ስህተት የተገኘባቸውን ረድፎች የሚቆጥር ሲሆን፣ የደረጃው ወሰን 280 ነው። ፒአይ ፌይለር የሚባለው ደግሞ በረድፉ ጥገና ሊድኑ ያልቻሉትን፣ ወደ ሁለተኛው ጥገና የተላለፉትን ረድፎች ይቆጥራል፤ በአንድ ጥቅል ከ4 እንዳይበልጥ ይጠበቃል። ሁለቱም ጥገናዎች ያቃታቸው አንድ ቦታ እንኳ ከተገኘ ያ ዲስክ ለደንበኛ አይሰጥም።

ወሰኑን አለማለፍ ግን በቂ ነው ብዬ አልመክርም። በጥሩ ዲስክ ላይ በጥሩ ሁኔታ የተጻፈ ሥራ ፒአዩ በጥቂት አሥሮች፣ ፌይለሩ 1ና 2 ላይ ሲመላለስ ያያሉ፤ 250 የሚነካ ዲስክ ደረጃውን አሟልቷል ቢባልም እኔ ቆርጬ እጥለዋለሁ። ከቁጥሩ ይልቅ ቅርጹን ያንብቡ። በአንድ ቦታ ላይ እንደ መርፌ ቀጥ ብሎ የወጣ መስመር ብዙውን ጊዜ አቧራ ወይም አሻራ ነው፤ ዲስኩን በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ጠርዝ ቀጥ አድርገው ጠርገው እንደገና ሲፈትሹት ይጠፋል። ከአንድ ቦታ ጀምሮ እንደ ጋራ እየሰፋና እየከፋ የሚሄድ ጉብታ ግን አይጠረግም፤ የዲስኩ ቀለም ወይም የጽሕፈቱ ፍጥነት ችግር ነው። ጉብታው ሁልጊዜ ከመጨረሻው አምስተኛ የሚጀምር ከሆነ ፍጥነቱን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርገው ይሞክሩ፤ ካልተለወጠ ያንን ዲስክ ሁለተኛ አይግዙ። ፕሮግራሙ ከመቶ የሚሰጠው ነጥብ ደግሞ በአብዛኛው በአንዲት ከፍተኛ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ፣ አንዲት አቧራ ጥሩውን ዲስክ ሊጥለው፣ ሰፊ ጉብታ ያለው ደግሞ ሊያልፍ ይችላል። የተለያዩ ድራይቮች ያወጡትን ቁጥር እርስ በርስ አያወዳድሩ፤ ምንጊዜም በአንድ ድራይቭና በአንድ ፍጥነት ይፈትሹ።

በየዲስኩ ይህን ማድረግ ጊዜ ይፈጃል ብለው እንደሚሰጉ አውቃለሁ። አዲስ የባዶ ዲስኮች ጥቅል ሲከፍቱ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች አንዳንድ ዲስክ አውጥተው ጽፈው ይፈትሹ፤ የላይኛውና የታችኛው በጉዞ ወቅት ብዙ የሚጎዱት ናቸው። ሦስቱ ከተመሳሰሉና ከተስማሙ በቀሪዎቹ ላይ ማመሳከሩ ይበቃል፤ ከየአሥሩ የአንዱን ስህተት መቁጠር ግን አይቅር። የመጀመሪያውን ግራፍ ከአምራቹ ኮድ ጋር አብረው ያስቀምጡት፤ በኋላ ያስፈልግዎታል።

ከዚያ በኋላ ዴኩ ይመጣል። በስቱዲዮዎ ውስጥ ቢያንስ አንድ ክፉ ዴክ ይኑርዎ። አዲሱና ውዱ ሳይሆን ደንበኛዎ ቤት ያለውን የሚመስል፣ ሲያነብ የሚያንገራግረው ይሁን፤ ሌንሱንም አብዝተው አያጽዱለት። ሁለት ሰዓቱን ሙሉ ቁጭ ብሎ ማየት አይጠበቅብዎትም። ዲስኩን ሲያስገቡ ሜኑው ሳይንገታገት መምጣቱን፣ እያንዳንዱ ቻፕተር ሲመረጥ ወደ ትክክለኛው ቦታ መዝለሉን፣ በፍጥነት ወደፊት ሲነዱት አንድም ቦታ አለመያዙን ይመልከቱ፤ ከዚያም ብልጭልጩ የበዛበትን ትዕይንትና የመጨረሻዎቹን 10 ደቂቃዎች በመደበኛው ፍጥነት ያጫውቱ። ይህን ሁሉ ዴኩ አንድ ሰዓት ያህል ሠርቶ ከሞቀ በኋላ ቢያደርጉት ይመረጣል፤ የደከመ ሌዘር በብርድ ጊዜ ያነበበውን ሲሞቅ ማንበብ ያቅተዋል። በፀጥታ ጆሮዎን ወደ ዴኩ ቢያስጠጉ፣ ሌንሱ ቦታ ሲፈልግ የሚያሰማውን ተደጋጋሚ ጠቅ ጠቅ ምስሉ ከመሰበሩ በፊት ይሰሙታል።

ያለፈውን ዲስክ በስቲከር አያበላሹት። የሙሽሮቹን ፎቶ የያዘ ክብ ወረቀት ፊቱ ላይ መለጠፍ ያምራል፤ ነገር ግን ከመሃሉ ትንሽ ፈንጠር ብሎ ከተለጠፈ ዲስኩ ሲሽከረከር ይወዛወዛል፣ ወረቀቱ በሙቀትና በእርጥበት ሲሸማቀቅም ሁለት 0.6 ሚሊሜትር ሳህኖች ተጣብቀው የተሠሩበትን ዲቪዲ ያጎብጠዋል። ለመለጠፍ ብለው የከፈሉትን ዋጋ ፊቱ በፕሪንተር ለሚታተምበት ዲስክ ያውሉት። በእጅ የሚጽፉ ከሆነ ለስላሳ ጫፍ ባለው፣ ውሃ ነክ ቀለም ባለው ማርከር ይጻፉ። በቪሲዲና በሲዲ ላይ በእስክሪብቶ መጻፍ ከዚህም የከፋ ነው፤ በእነሱ ላይ መረጃው ያለው ልክ ከጽሑፉ በታች፣ በስስ ቫርኒሽ ብቻ ተሸፍኖ ነው። ማስረከቢያው ከፕላስቲክ ከረጢት ይልቅ መሃሉን የሚይዝ ጠንካራ ሳጥን ይሁን፤ ደንበኛውንም ዲስኩን መኪና ውስጥና መስኮት ላይ እንዳይተው ይንገሩት፤ ቀለሙን የሚያነጣው ብርሃንና ሙቀት ናቸው። እንደ ድሬዳዋና ሠመራ ባሉ ሞቃት ከተሞች ይህ ምክር ለወግ የሚነገር አይደለም።

ከእያንዳንዱ የዲስክ ጥቅል አንድ የተጻፈ ዲስክ ለራስዎ ያስቀሩ። በዓመቱ እንደገና ፈትሸው ከመጀመሪያው ግራፍ ጋር ሲያስተያዩት ቁጥሩ በእጥፍ አድጎ ካገኙት፣ የዚያው ጥቅል ወንድሞቹ በደንበኞችዎ ቤት ምን እየሆኑ እንዳሉ ያውቃሉ።

አስቀድመው የሰጧቸውን ሁሉ መልሰው መሰብሰብ አይኖርብዎትም። በእጅዎ የቀሩትን ተመሳሳይ ቅጂዎች ስህተት ይቁጠሩ፤ ጉብታው ከታየባቸው የዚያን ጥቅል ተረካቢዎች ብቻ ደውለው ይለውጡላቸው። ከተመለሰው ዲስክ ላይ ገልብጠው አይስጡ፤ ምስል ፋይሉ ካለዎት ከእሱ ይጻፉ። ፋይሉ ጠፍቶ የቀረው ያ የታመመ ዲስክ ብቻ ከሆነ፣ ዲቪዲዛስተር የተባለው ነጻ ፕሮግራም ማንበብ የቻለውን አስቀምጦ ያልተነበቡትን ሴክተሮች በሌላ ድራይቭ እንደገና እንዲሞክሩ ያስችላል፤ አንዱ ያቃተውን ሌላው አንብቦ ሙሉ ምስል የሚገጣጠምበት ጊዜ ብዙ ነው። በተመሳሳይ ደቂቃ የሚቆመውን ሥራ ግን ቢትሬቱን አስተካክለው ከፕሮጀክቱ እንደገና ካላወጡት በስተቀር የትኛውም ዲስክ አያድነውም።

የአሜሪካው ቅጂ አልከፍት ያለው ፓል በሚባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት ስለተዘጋጀ ይመስለኛል። እኛ የምንጠቀመው ፓል በሰከንድ 25 ምስል፣ 576 መስመር ያለው ሲሆን፣ የአሜሪካው ኤንቲኤስሲ 29.97 ምስልና 480 መስመር ነው። እዚያ የሚሸጡ ብዙ ዴኮች ፓል አይቀበሉም፤ ዲስኩ ምንም ያህል በጥራት ቢጻፍ «የተሳሳተ ዲስክ» ብለው ይተፉታል። አውሮፓ፣ እስራኤልና የባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚላከው ይህ ችግር የለም፤ በእነዚያ አካባቢዎች ያሉት ዴኮች አብዛኞቹ ኤንቲኤስሲንም ስለሚያጫውቱ፣ ለሁሉም የሚሆን አንድ ዓይነት ብቻ ማዘጋጀት ከፈለጉ ኤንቲኤስሲው ይሻላል። የሪጅን ቁጥር፣ ማለትም ዲስኩ የሚጫወትበትን የዓለም ክፍል የሚወስነው ቁጥር፣ በርስዎ ሥራ ላይ የሚያሳስብ አይደለም፤ የማዘጋጃ ፕሮግራሙ ላይ ሁሉም ሪጅን እንደተፈቀደ መሆኑን ብቻ ይመልከቱ። ወደ ኤንቲኤስሲ ሲቀይሩ ከተጠናቀቀው ዲቪዲ ሳይሆን ከኤዲቲንግ ፕሮጀክቱ ያውጡት፤ ሁለት ጊዜ የታመቀ ምስል በጭፈራው ላይ መንቀጥቀጡ ይታወቃል። አዲሱ ዲስክ እስኪደርሳት ድረስ የሙሽራዋ እህት በእጇ ያለውን በኮምፒውተር ትክፈተው፤ ኮምፒውተር ሁለቱንም ሥርዓት ያጫውታል፤ እዚያ ላይ ከተከፈተ ጥርጣሬዬ ትክክል ሳይሆን አይቀርም። ካልተከፈተ ደግሞ ዲስኩ በመንገድ ተጎድቷል ወይም ሳይዘጋ ተልኳል፤ ኢምግበርን ላይ የዚያኑ ቀን የጽሕፈት መዝገብ ከፍተው መዘጋቱን ማየት ይችላሉ።